ድርሻ ሲለዋወጥ፦ የራሽናል ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ አወጣጥ

በዛሬው የሒሳብ ዓምዳችን ብዙ ተማሪ የሚሰናከልበትን አንድ ቦታ እናነሳለን። እሱም ላይና ታች ያለው ፈንክሽን፣ ማለትም የራሽናል ፈንክሽን ዴሪቬቲቭ አወጣጥ ነው።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ የማጠናከሪያ ትምህርት ስንሰጥ የሚገጥመን ክፍል አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ተማሪ ኢትዮጵያ ውስጥ 12ኛ ክፍል ጀምሮ አቋርጦ የመጣ ነው። ሌላዋ በአሊ አዴ ወይም በሆል ሆል ካምፕ በእንግሊዝኛ ተምራ ወደ ከተማ የገባች ናት። ሦስተኛው እዚሁ ሊሴ ገብቶ ሁሉን ነገር በፈረንሳይኛ ይማራል። ሦስቱን አንድ ሰሌዳ ፊት ስናስቀምጣቸው ደብተራቸው ይለያያል፤ ስሕተታቸው ግን አንድ ነው። የላይኛውን ዴሪቬቲቭ በታችኛው ዴሪቬቲቭ ላይ ያስቀምጡና «ጨረስን» ይላሉ። ፈተና ላይ ይህች አንድ መስመር ከተበላሸች ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ታንጀንቱም ግራፉም፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ነጥቡም አብሮ ይበላሻል። ለስደተኛ ተማሪ ደግሞ የፈተና ዕድል በየጊዜው አይመጣም። ስለዚህ ጉዳዩን ቀስ ብለን ከሥሩ እንየው።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፍ። በመጽሐፍ ላይ «ኤክስ» የሚባለውን ተለዋዋጭ እዚህ «ቀ» ብለነዋል። ፈንክሽኑን ፈ(ቀ)፣ ዴሪቬቲቩን ፈ′(ቀ) ብለን እንጽፋለን። የክፍልፋይ ላይኛው ላዕል፣ ታችኛው ታህት እንደሚባል ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ላዕሉን ላ፣ ታህቱን ታ እንላቸዋለን። ሲካፈሉ የሚገኘው ውጤት ድርሻ ይባል የለ? እሱን ድ እንበለው። ይህች «ድርሻ» የምትባል ቃል ኋላ ትልቅ ሥራ ትሠራልናለች።

ራሽናል ፈንክሽን ማለት ላዕሉም ታህቱም ፖሊኖሚያል የሆነ ክፍልፋይ ነው። ታህቱ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ ከዶሜኑ ይወጣል። ከሁሉም ቀላሉ 1/ቀ ነው፤ እሱንም በየቀኑ እናገኘዋለን። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ፣ በጃንዋሪ 2017 ደግሞ በዚህ በጅቡቲ የተመረቀውን የኤሌክትሪክ ባቡር እንውሰድ። መስመሩ ወደ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለስሌት እንዲመቸን ልክ 750 እንበል። ባቡሩ በአማካይ በሰዓት ቀ ኪሎ ሜትር ቢሄድ ጉዞው የሚፈጀው ሰዓት

ፈ(ቀ) = 750/ቀ

ነው። በ50 ቢሄድ 15 ሰዓት፣ በ75 ቢሄድ 10 ሰዓት፣ በ100 ቢሄድ 7 ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ፍጥነቱ ሲጨምር ሰዓቱ ይቀንሳል፤ ይህን ማንም ያውቃል። ጥያቄው ግን ምን ያህል ይቀንሳል የሚለው ነው። ከ50 ወደ 51 ከፍ ማለትና ከ100 ወደ 101 ከፍ ማለት እኩል ጥቅም አላቸው? ዴሪቬቲቭ የሚመልሰው ይህን ነው።

ከሊሚት እንጀምር። ፍጥነቱ ከቀ ወደ ቀ+ሀ አለ እንበል፤ ሀ በጣም ትንሽ ቁጥር ናት። የ1/ቀ ለውጥ ይህ ነው፦

1/(ቀ+ሀ) − 1/ቀ = [ቀ − (ቀ+ሀ)] / [ቀ(ቀ+ሀ)] = −ሀ / [ቀ(ቀ+ሀ)]

ይህን ለሀ ስናካፍለው −1/[ቀ(ቀ+ሀ)] ይቀራል። አሁን ሀን ወደ ዜሮ ብናስጠጋት ውጤቱ −1/ቀ² ይሆናል። እንግዲህ የባቡሩ ዴሪቬቲቭ

ፈ′(ቀ) = −750/ቀ²

ነው ማለት ነው። ቁጥር እናስገባበት። ቀ = 50 ሲሆን −750/2500 = −0.3 ሰዓት፣ ማለትም 18 ደቂቃ መቀነስ ነው። ቀ = 100 ሲሆን −750/10000 = −0.075 ሰዓት፣ ይህም 4 ደቂቃ ተኩል ነው። ቀርፋፋ ባቡር በሰዓት አንድ ኪሎ ሜትር ቢጨምር 18 ደቂቃ ያህል ያተርፋል፤ ፈጣኑ ግን ያንኑ ጨምሮ 4 ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የሚያተርፈው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ትርፉ ወደ ሩብ ወረደ። ታህቱ ውስጥ ያለችው ስኩዌር ሥራዋ ይህ ነው። ካላመናችሁ 750ን ለ50 እና ለ51፣ ከዚያም ለ100 እና ለ101 በስልካችሁ ካልኩሌተር አካፍላችሁ ልዩነቱን እዩት፤ 17.6 ደቂቃና 4.5 ደቂቃ ገደማ ታገኛላችሁ።

አሁን ወደዚያ ወደ ተለመደው ስሕተት እንምጣ። «የላይኛው ዴሪቬቲቭ በታችኛው ዴሪቬቲቭ ላይ» ቢባል ኖሮ የ750 ዴሪቬቲቭ ዜሮ፣ የቀ ዴሪቬቲቭ 1፤ 0/1 = 0 ይሆን ነበር። ባቡሩ በ50ም ሄደ በ150 የሚፈጀው ሰዓት አይለወጥም ማለት ነው! እንዲህ የሚል መንገደኛ ካለ ብናየው ደስ ይለን ነበር። ሌላም ማረጋገጫ አለ። ቀ³/ቀ ያው ቀ² ነው (ቀ ዜሮ እስካልሆነ ድረስ)፤ ዴሪቬቲቩም 2ቀ ነው። በስሕተቱ መንገድ ቢኬድ ግን 3ቀ²/1 = 3ቀ² ይመጣል። አይገናኙም።

ተማሪዎች ሆይ፣ በዚህ ስሕተት አትሸማቀቁ። ካልኩለስን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ላይብኒዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1675 በያዘው ማስታወሻ ላይ የብዜትና የድርሻ ዴሪቬቲቭ እንዲሁ ለየብቻ ተወስዶ የሚገኝ ይሆን ወይ ብሎ ጠይቋል። ሲፈትሸው እንደማይሆን አየ፤ ትክክለኛውንም ደንብ እ.ኤ.አ. በ1684 አሳትሞ አወጣው። (ይኸው ላይብኒዝ የአማርኛ ሰዋስው ካሳተመው ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፍ ነበር። ሉዶልፍን አማርኛ ያስተማረው ደግሞ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነው። ነገሩ ከእኛ ያን ያህል የራቀ አይደለም።)

ትክክለኛው ደንብ እንግዲህ ይህ ነው፦

(ላ/ታ)′ = (ላ′ × ታ − ላ × ታ′) / ታ²

መጽሐፉ ላይ ይህን ታገኙታላችሁ፤ አብዛኛው ተማሪም ይሸመድደዋል። ችግሩ የተሸመደደ ነገር ከሁለት ሳምንት በኋላ መገለባበጡ ነው። መቀነሱ ከየት መጣ? የትኛው ይቀድማል? ታች ስኩዌር የሆነው ለምንድን ነው? ይህን ለመመለስ «ድርሻ» ወደምትለው ቃላችን እንመለስ።

አንድ ክፍል ውስጥ 20 ተማሪዎችና 60 ደብተሮች አሉ እንበል። ለያንዳንዱ 3 ደብተር ይደርሰዋል። ላ = 60፣ ታ = 20፣ ድ = 3 ማለት ነው። አሁን በሳምንት 10 ደብተር እየመጣ፣ በሳምንትም 2 አዲስ ተማሪ እየገባ ነው። ስለዚህ ላ′ = 10፣ ታ′ = 2። የያንዳንዱ ተማሪ ድርሻ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

እንዲህ አስቡት። ሁለቱ አዲስ ተማሪዎች ሲገቡ እነሱም እንደ ሌላው ሦስት ሦስት ደብተር ይገባቸዋል። ከመጣው 10 ደብተር ላይ በቅድሚያ 3 × 2 = 6ቱ ለነሱ ይሄዳል። የቀረው 4 ደብተር ነው ለነባሮቹ የሚጨመረው፤ እሱም ለ20 ሲካፈል 0.2 ይሆናል። ስለዚህ ድርሻው በሳምንት በ0.2 ፍጥነት እያደገ ነው። ይህንን በምልክት ብንጽፈው

ድ′ = (ላ′ − ድ × ታ′) / ታ

ነው። ከመጣው ላይ የአዲስ ገቢዎቹን ድርሻ ቀንስ፣ የተረፈውን አካፍል። የመቀነስ ምልክቷ የመጣችው ከዚህ ነው፦ አዲስ ሰው ማዕድ ላይ ሲቀመጥ የሌላው ድርሻ ይነካል። አሁን በድ ቦታ ላ/ታ አስገቡና ላይና ታቹን በታ አባዙት፤ ያ መጽሐፉ ላይ ያለው ደንብ፣ ታች ያለችው ስኩዌር ሳትቀር፣ ቁጭ ይላል።

መምህራን ይህን ምሳሌ ቁጥሩን እየቀያየሩ ቢያሠሩት ጥሩ ነው። የሚመጣው ደብተር በሳምንት 6 ብቻ ቢሆንስ? 6 − 6 = 0፤ ድርሻው አይለወጥም። በርግጥም 66 ደብተር ለ22 ተማሪ ልክ ሦስት ሦስት ነው። 4 ብቻ ቢሆንስ? (4 − 6)/20 = −0.1፤ ደብተሩ እየጨመረ ድርሻው እየቀነሰ ነው። ይህን የመጨረሻውን ተማሪዎች በጣም ይወዱታል፤ ምክንያቱም በኑሮ የሚያውቁት ነገር ነው። እርዳታው ጨመረ ይባላል፣ ለቤተሰብ የሚደርሰው ግን አንሶ ይገኛል። (ጠንቃቃ ተማሪ ደግሞ «70 ለ22 ሲካፈል 3.18 ነው፤ ለውጡ 0.18 እንጂ 0.2 አይደለም» ይላል። ልክ ነው። 0.2 በዚያች ቅጽበት ያለው ፍጥነት ነው፤ 0.18 ደግሞ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ የተገኘው ለውጥ ነው። ይህን የጠየቀ ተማሪ ዴሪቬቲቭ ምን እንደሆነ ገብቶታል።)

እስቲ አሁን አንድ ምሳሌ በሙሉ እንሥራ።

ፈ(ቀ) = (2ቀ + 1) / (ቀ − 3)

መጀመሪያ አራቱን ነገሮች ለየብቻ እንጻፍ፦ ላ = 2ቀ + 1፣ ላ′ = 2፣ ታ = ቀ − 3፣ ታ′ = 1። ከዚያ እናስገባ፦

ፈ′(ቀ) = [2(ቀ − 3) − (2ቀ + 1) × 1] / (ቀ − 3)²
= [2ቀ − 6 − 2ቀ − 1] / (ቀ − 3)²
= −7 / (ቀ − 3)²

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ቅንፉ ነው። ከመቀነስ በኋላ ያለው (2ቀ + 1) በሙሉ ነው የሚቀነሰው፤ ቅንፉን የዘለለ ተማሪ −6 + 1 ብሎ −5 ያወጣል። ከምናርማቸው ወረቀቶች ላይ ደንቡን በትክክል ጽፎ በዚህች ቅንፍ የሚወድቀው ብዙ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ላይ ያለውን (ቀ − 3) ታች ካለው ጋር ወዲያው ማጣፋት ነው። አይቻልም፤ ላይ ያለው ብዜት ብቻ ሳይሆን ልዩነት ነው፣ ሁለተኛው ቁራጭ ውስጥ (ቀ − 3) የለም። ታህቱን ደግሞ አትዘርዝሩት፤ (ቀ − 3)² ተብሎ ቢቀመጥ ለቀጣዩ ሥራ ይጠቅማል፣ ተዘርዝሮ የሚያስገኘው ነገር የለም።

ውጤቱን እንዴት እናረጋግጣለን? በሁለት መንገድ። አንደኛ በቁጥር፦ ፈ(4) = 9 ነው። ፈ(4.01) = 9.02/1.01፣ ወደ 8.931 ገደማ ነው። ልዩነቱ −0.069፤ ለ0.01 ሲካፈል −6.9 አካባቢ ይሆናል። ደንቡ ደግሞ ቀ = 4 ላይ −7 ይላል። ተስማሙ። ሁለተኛ በማካፈል፦ 2ቀ + 1 ማለት 2(ቀ − 3) + 7 ነው፤ ስለዚህ ፈ(ቀ) = 2 + 7/(ቀ − 3)። የ2 ዴሪቬቲቭ ዜሮ ነው፤ የቀረው ያው እንደ 1/ቀ ያለ ነው፣ −7/(ቀ − 3)²።

ይህ ሁለተኛው መንገድ አንድ ነገር ያስታውሰናል። ክፍልፋይ ባየን ቁጥር ትልቁን ደንብ መምዘዝ የለብንም። ቀ²/7 የሚል ጥያቄ ላይ አራት መስመር የሚሠራ ተማሪ አለ፤ ያ እኮ አንድ ሰባተኛ ጊዜ ቀ² ነው፣ መልሱ 2ቀ/7 ብቻ ነው። 5/ቀ³ ሲሆን ርቢውን ወደ ላይ አውጥቶ 5ቀ⁻³ ማለት፣ ከዚያ −15ቀ⁻⁴፣ ማለትም −15/ቀ⁴ ማለት ይበቃል። (ቀ³ + 4)/ቀ ደግሞ ሲከፋፈል ቀ² + 4/ቀ ነው፤ ዴሪቬቲቩ 2ቀ − 4/ቀ²። ታህቱ አንድ ቁራጭ ብቻ ከሆነ ከፋፍሉ፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ደንቡን ተጠቀሙ። (ቀ² − 9)/(ቀ − 3) ዓይነቱን ስታቃልሉ ግን ቀ + 3 ብትሉትም ቀ = 3 ከዶሜኑ ውጭ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ፈረንሳይኛ ለሚማሩት ወገኖቻችን ጥቂት እንበል። «ዴሪቬ» የሚሏችሁ ይኸው ዴሪቬቲቭ ነው፤ «ኑሜራተር» ላዕል፣ «ዴኖሚናተር» ታህት ነው። በፈረንሳይኛ መጻሕፍት ደንቡ በተለምዶ የላዕሉን ዴሪቬቲቭ አስቀድሞ ይጻፋል፤ እኛም ከላይ እንዲሁ ጽፈነዋል። አንዳንድ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ታህቱን ያስቀድማሉ፦ ታ × ላ′ − ላ × ታ′። አንድ ነው፤ ብዜት ቢገለበጥ አይለወጥም። መቀነሱ ግን አይገለበጥም፣ ሁልጊዜ ላ′ ያለበት ነው የሚቀድመው። አሥርዮሽ ነጥቡን እነሱ በነጠላ ሰረዝ ይጽፉታል፤ 0.3 ያልነው በሊሴ ደብተር ላይ 0,3 ነው። ክፍት ኢንተርቫልንም በተገለበጠ ካሬ ቅንፍ ይጽፉታል፤ ]3፣ 5[ ማለት በእንግሊዝኛ መጽሐፍ (3, 5) የሚባለው ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ጥያቄውን ሳይነኩት የሚያልፉ ልጆች አሉ፤ ያሳዝናል።

በሊሴ ዴሪቬቲቭ ከወጣ በኋላ «ታብሎ ደ ቫርያስዮን» ይጠየቃል። የዴሪቬቲቩ ምልክት ፖዘቲቭ ከሆነ ፈንክሽኑ ይወጣል፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ይወርዳል፤ ሰንጠረዡ ላይ በቀስት ይሣላል። ከላይ የሠራነው −7/(ቀ − 3)² ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ነው፤ ላይ −7፣ ታች ስኩዌር። ታዲያ ፈንክሽኑ ከዳር እስከ ዳር ይወርዳል? እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ፈ(2) = 5/(−1) = −5 ነው፤ ፈ(4) ግን 9 ነው። ከ2 ወደ 4 ስንሄድ ከፍ አለ! ምክንያቱም መሃል ላይ 3 አለ፣ እዚያ ግራፉ ተቆርጧል። ከ3 በፊት ይወርዳል፣ ከ3 በኋላም ይወርዳል፤ ሁለቱ ግን የተለያዩ ቁራጮች ናቸው። ሰንጠረዡ ላይ 3 ሥር ድርብ መስመር የሚሰመረው ለዚህ ነው። ያችን ድርብ መስመር የረሳ ነጥብ ይቀነስበታል፤ እኛም ብናርም እንቀንስ ነበር።

ካገራችን ጂኦግራፊ የተወሰደ አንድ ምሳሌ ደግሞ እንጨምር። ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ያለው የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው። ውሃው ከባሕር ውሃ 10 እጥፍ ገደማ ጨዋማ ነው። የአፋር ነጋዴዎች ከዚያ ጨው በግመል ጭነው ወደ ኢትዮጵያ ይወስዱ እንደነበር ታላላቆች ያወሩናል። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ፀሐይ ላይ ብናሰጣውና ውሃው እየተነነ ቀ ሊትር ቢቀር፣ ጨው አይተንምና፣ በሊትር የሚኖረው ጨው

ፈ(ቀ) = 35/ቀ፣ ዴሪቬቲቩም −35/ቀ²

ይሆናል። ቀ = 1 ላይ ዴሪቬቲቩ −35 ነው፤ ቀ = 0.1 ላይ −3500። ውሃው አሥር እጥፍ ሲያንስ ለውጡ መቶ እጥፍ ፈጠነ። መጀመሪያ ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ቢተን ጨዋማነቱ የሚጨምረው አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ መጨረሻ ላይ ግን ያችው 10 ሚሊ ሊትር በሊትር ከ35 ግራም በላይ ትጨምራለች። ፎርሙላው ግን ለዘለዓለም አይሠራም፤ ውሃ ሊሸከም የሚችለው ጨው ወሰን አለው፣ በሊትር 360 ግራም አካባቢ ሲደርስ ጨው መርጋት ይጀምራል። በሐይቁ ዳር ነጭ ሆኖ የሚታየው የረጋው ጨው ይህ ነው። ምልክቷን ልብ በሉ፦ ቀ የቀረው ውሃ ስለሆነ ቀ ሲጨምር ጨዋማነቱ ይቀንሳል፣ ለዚህ ነው ዴሪቬቲቩ ኔጋቲቭ የሆነው።

ለመምህራን አንድ ሐሳብ። መጽሐፍ በሌለበት ክፍል ደንቡን መጀመሪያ አትጻፉት። ደብተሩንና ተማሪውን አካፍሏቸው፣ በቁጥር ይድረሱበት፣ ደንቡ በሁለተኛው ቀን ይምጣ። ስታርሙ ደግሞ ላ፣ ላ′፣ ታ፣ ታ′ ብሎ አራቱን ለጻፈ ተማሪ ነጥብ ስጡት፤ የመጨረሻው መልስ ባይመጣም። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን «ማቅለል ነው» ይሉታል። እኛ ግን አራቱን የጻፈ ልጅ ስሕተቱን ራሱ ሲያገኘው አይተናል፤ በአንድ መስመር ጨርሶ የሚያስረክበው ግን እኛም የት እንደሳተ ለማወቅ እንቸገራለን።

ለልምምድ የሚከተሉትን ሥሩ፦

1. ፈ(ቀ) = 7/ቀ²
2. ፈ(ቀ) = (ቀ + 4)/(ቀ − 1)
3. ፈ(ቀ) = (3ቀ − 2)/(ቀ² + 1)
4. በአንድ ግቢ 15 ሰዎች በቀን 300 ሊትር ውሃ ይደርሳቸዋል። ውሃው በቀን 20 ሊትር እየጨመረ፣ ሰውም በቀን 2 እየጨመረ ቢሄድ የአንድ ሰው ድርሻ አሁን በምን ፍጥነት ይለወጣል?

መልስ፦ የመጀመሪያው −14/ቀ³፤ ሁለተኛው −5/(ቀ − 1)²፤ ሦስተኛው (−3ቀ² + 4ቀ + 3)/(ቀ² + 1)²። ለአራተኛው ድርሻው አሁን 20 ሊትር ነው፤ (20 − 20 × 2)/15፣ ማለትም በቀን 1.33 ሊትር ገደማ እየቀነሰ ነው። ድርሻው ባለበት እንዲቆይ ውሃው በቀን ስንት ሊትር መጨመር እንደነበረበት ደግሞ ራሳችሁ አውጡት።